መሄድ የለብሽም

እታለም ሀብቱ የሚባል ሰው ትወድ እንደነበር አምኜ ያደግኩት በእንግሊዝኛ ምክንያት ነው።

እታለም የእናቴ ታናሽ እህት ናት። መጠሪያዋ ሌላ ነው፤ እኔ አፌን ስፈታ እንደዚያ ብዬ ጠራኋት፣ ቤቱም ሰፈሩም ከእኔ ወሰደው። የምንኖረው ከአያቴ ላውንደሪ ጀርባ ባሉት ክፍሎች ነበር። ከፊት ደንበኛ የሚስተናገድበት ባንኮኒ አለ፤ እናቴ የምትቆመው እዚያ ነው። ቀጥሎ እታለም የምትተኩስበት ክፍል፣ ቀጥሎ አያቴ ውሃ የሚያፈሉበት ጓዳ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ የደንበኛችን ሆቴል አንሶላ የሚሰጣበት ግቢ። ፀሐይ በወጣ ቀን በአንሶላዎቹ መሀል ስሄድ ግራና ቀኙ ነጭ ይሆናል፤ ነፋስ ሲመጣ መንገዱ ይዘጋል፣ ሌላ መንገድ ይከፈታል። የት እንዳለሁ ይጠፋኝና ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የምወደው ቦታ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ነው። ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ የለበሰው ብርድ ልብስ እስከ ወለሉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ያቆማል። እዚያ ገብቼ ስቀመጥ የሰው እግር ብቻ ይታየኛል። ካውያው ከራሴ በላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ ውሃ የተረጨ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ እፍፍ ይላል። ሙቀቱና የሳሙናው ሽታ ያፈዙኛል። ከላይ የሚወራውን የምሰማው እንደዚያ፣ በግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቲቸር ይመጣል። የቲቸር ጫማ ከፊት ይብለጨለጫል፣ ተረከዙ ግን አልቋል። ከአያቴ ጋር ያላቸው ስምምነት ቀላል ነበር፤ የእሱ ሸሚዝ በነፃ ይታጠባል፣ እሱ ደግሞ እታለምን እንግሊዝኛ ያስተምራታል። አንድ ዓይነት ሸሚዝ ሁልጊዜ ለብሶ፣ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ሁልጊዜ ይዞ ስለሚመጣ፣ ቤቱ በነጭ ሸሚዝ የተሞላ ባለጠጋ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁለት ብቻ ነበሩት።

"አይ መስት ጎ" ይላል ቲቸር።

"አይ መስት ጎ" ትላለች እታለም፣ ካውያውን እየገፋች።

"አይ ሃቭ ቱ ጎ።"

"አይ ሃቭ ቱ ጎ።"

እኔ ከሥር የሰማሁት እንዲህ ነው። መስት የሚባል ከተማ አለ። "አይ፣ ሀብቱ ጋ" ደግሞ እታለም ወዴት ነሽ ስትባል የምትመልሰው መልስ ነው። ሀብቱ ማን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ ግን የትልቅ ሴት ድምፅ እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚጠራው ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ከተማውን በራሴ ሠራሁት። መስት የሚለው የመስታወት ግማሽ ስለሆነ ቤቶቹ ሁሉ መስታወት ናቸው። ሰው በመንገዱ ሲሄድ ሌላ ሰው የሆነ ጎኑ አብሮት ይሄዳል። ሀብቱ የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ነው፤ ኮቱ ተቀምጦም ተነሥቶም አይጨማደድም። የላውንደሪ ልጅ ነኝና ከዚህ የበለጠ ቁንጅና አላውቅም ነበር። እታለም መስኮት ስታይ እሱን የምታይ ይመስለኝ ነበር፤ ስታዛጋ ስለእሱ ስታስብ አድራ ነው ብዬ አዝንላት ነበር።

አንድ ቀን ካውያው ከራሴ በላይ ድንገት ቆመ።

"ቲቸር፣ ሁለቱም በእኛ 'መሄድ አለብኝ' አይደል?" አለች እታለም።

"ነው። ግን መስት ከውስጥሽ ሲመጣ ነው። ማንም ሳያዝሽ፣ አንቺው በራስሽ ስትፈርጂ። ሃቭ ቱ ሌላው የጫነብሽ ነው። አለቃ፣ ሕግ፣ ቤተሰብ።"

"የነርሲንግ ትምህርት ቤቱ ሰዎች ለምን መጣሽ ካሉኝስ? የትኛውን ልበል?"

"መስት በያ። ሃቭ ቱ ካልሽ ሰው ገፍቶ የላከሽ ይመስላቸዋል።"

እታለም ቀኝ እግሯን አንሥታ የግራውን ቁርጭምጭሚቷን አከከች፣ ከዚያ ካውያው መሄድ ጀመረ። እኔ ከተማውንና ሰውየውን እያማረጠች መሰለኝ። ሁለቱም አንድ ቦታ ናቸው፣ ምን ያስጨንቃታል ብዬ ገረመኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ ቲቸር ስለአፍራሽ ዐረፍተ ነገር አወራ። ይህንን ያስታወስኩት በኋላ ነው፤ ያኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር ማለት ይቻላል።

"ዩ መስት ኖት ጎ ካልኩሽ ከልክዬሻለሁ። ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ጎ ካልኩሽ ግን ግዴታ የለብሽም፤ ብትፈልጊ ሂጂ፣ ባትፈልጊ ቅሪ።"

"በእኛስ?"

"በእኛ ሁለቱንም 'መሄድ የለብሽም' ብንል ያስኬዳል። ከአነጋገሩ ነው የምትለዪው።"

"ካልለየሁትስ?"

"ያለሽን ሰው ትጠይቂዋለሻ" አለ ቲቸር፣ ሸሚዙን ከመስቀያው እያወረደ።

ነርስ የመሆኑ ነገር የእናቴ ሐሳብ ነበር። አያቴ ሚስታቸው ሲሞቱ እናቴ ገና ተማሪ ነበረች፣ እታለም ደግሞ መራመድ ከጀመረች ብዙም አልሆናትም ነበር። እናቴ ደብተሯን አስቀምጣ እህቷን አዘለች፤ እንደዚያው ባንኮኒው ጋ ቆማ ቀረች። የእታለምን ፀጉር ስታበጥር ሁልጊዜ የምትላት ነገር ነበር።

"አንቺ ነጭ ልብስ የምታጥቢ አትሆኚም። ነጭ ልብስ የምትለብሺ ነው የምትሆኚው። መሆን አለብሽ።"

"እሺ እትዬ።"

"እሺ በአፍ አይደለም።"

"እሺ አልኩ እኮ።"

እታለም ፈተናውን አልፋ ጥሪ መጣላት። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ከተማ ነው፤ እዚያ ደርሳ በእንግሊዝኛ ተጠይቃ ትገባለች። እናቴ በደስታ የደንበኛ መልስ ስትቆጥር ትሳሳት ጀመር። ሰማያዊ ቀሚስ አሰፋችላት። ሻንጣ ተዋሰች፣ ውስጡን በሳሙና ፈትጋ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። የሆቴሉ ሾፌር በምትሄድበት ቀን ጠዋት እስከ መናኸሪያ ሊያደርሳት ተስማማ። እኔም ለመስት ሰዎች ሰላምታ እንድታደርስልኝ በሆዴ ላክሁ፤ ለሀብቱ ለብቻው።

አያቴ ስለዚህ ሁሉ አንድም ቃል አልተናገሩም። ነገሩ ስለምንም ነገር አይናገሩም ነበር። ደንበኞች በሌሉበት ጋሽ እንፋሎት ይሏቸዋል፤ ይታያሉ እንጂ ድምፅ የላቸውም ለማለት ነው። ጣቶቻቸው በበረኪና ነጥተው፣ ውሃ ውስጥ እንደቆየ ጣት ሁልጊዜ የተጨማደዱ ነበሩ። እፈራቸው ነበር። ሀብቱ ከእሳቸው ጋር ተገናኝቶ ቢያወራ ምን እንደሚመልሱለት ማሰብ ያቅተኝ ነበር።

ከመሄዷ በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። የእታለም ነጠላ ጫማ ፊት ለፊቴ ነው። ካውያው ሄደ፣ መጣ፣ ከዚያ ቆመ። ቆመና ቀረ። ሽታው መጀመሪያ እንደተጠበሰ ዳቦ ደስ የሚል ነበር፤ ቆይቶ ጉሮሮዬን ያዘኝ። እታለም በሕይወቷ አንሶላ አቃጥላ አታውቅም።

የአያቴ ቦቲ ጫማ ከጓዳው ወጥቶ እየተንጣጣ መጣና ከነጠላ ጫማዋ አጠገብ ቆመ። ካውያው ወደ ማስቀመጫው ሲመለስ ሰማሁት። አያቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው በማላውቅ ድምፅ፣

"ልጄ፣ መሄድ የለብሽም" አሉ።

የእናቴ ጫማ በሩ ላይ ነበር። መቼ እንደመጣች አላየሁም።

"ምን አሉ አባባ?"

"መሄድ የለባትም አልኩ።"

"እኔን አስቀሩኝ። አሁን ደግሞ እሷን?"

የእናቴ ጫማ ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ ዞሮ ሄደ፤ የፊቱ በር ሲዘጋ የተሰቀሉት ሸሚዞች ሁሉ ተወዛወዙ። ቦቲውም ቀስ እያለ ወደ ጓዳው ተመለሰ። ነጠላ ጫማዎቹ ብቻ ሲቀሩ የእታለም ጉልበት ወለሉን ነካ፣ ከዚያ እጇ፣ ከዚያ ፊቷ መጣ። እኔ እዚያ መኖሬን አላወቀችም ነበር። ጉንጯ በእንባ ርሷል። ስታየኝ አልደነገጠችም፤ ከጠረጴዛው ሥር ተስባ ገባችና አቀፈችኝ።

"አይዞሽ፣ ሀብቱ ራሱ ይመጣል" አልኳት።

"ማን ነው የሚመጣው?"

"ሀብቱ ነዋ።"

እያለቀሰች ሳቀች። ሀብቱ ማን እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም።

በማግሥቱ ሾፌሩ መጥቶ ባዶውን ሄደ። ሻንጣው ለባለቤቱ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእናቴና በአያቴ መካከል እንደምን አደሩና እንደምን አመሹ ብቻ ቀረ። ምግባቸውን ታቀርባለች፣ ልብሳቸውን ትሰፋለች፣ ሲያማቸው ትነቃላቸዋለች። ድምፅዋን ግን ነፈገቻቸው። አያቴም ሳህናቸውን ተቀብለው "ተባረኪ" ይላሉ፣ እሷም ታቀረቅራለች። እኔ በእናቴ ወገን ነበርኩ። አንዲት ሴት የምትወደው ሰው ጋ እንዳትሄድ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው እንዴት እንደሚያስችለው ይደንቀኝ ነበር። ቲቸር ወደ ሌላ ከተማ ተቀየረ። እታለም ማስታወሻ እንዲሆነው ሁለቱንም ሸሚዞቹን ኮሌታቸውን ገልብጣ ሰፋችለት፤ ወደ መስት የሚሄድ መልእክተኛ ነው ብዬ እስከ መንገዱ ጥግ ሸኘሁት።

አያቴ ዝናብ በበዛበት አንድ ወር ሞቱ። እናቴ ከሁላችንም በላይ አለቀሰች፤ ግን አለቃቀሷ የተጣላ ሰው ዓይነት ነበር፣ መልስ የሚጠብቅ።

ሀብቱ የሞተው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጽፋ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያነብ፣ የማውቀውን ሰው ስም ሰማሁ። ቀና ብዬ ሳይ ሁለት ጥቃቅን ቃላት ናቸው። ኮቱ የማይጨማደደው ሰውዬ ከነፎቁ፣ ከነከተማው፣ በጠመኔ አቧራ ውስጥ ጠፋ። ብቻዬን ሳቅሁና መምህሯ ተቆጣችኝ፤ ለማንም አልነገርኩም። ይሁንና የአያቴን ነገር እንደነበረ ተውኩት። እታለም መስት ባይሆን ትምህርት ቤት ልትሄድ ነበር፣ እሳቸው ከለከሏት። እናቴም የምታወራው እንደዚያው ነበር፤ የእኔን ፀጉር እያበጠረች።

"አባቴ እህቴን እዚሁ አስቀሯት። አንቺን ግን የሚያስቀርሽ የለም።"

አልቀረሁም። ነርስ ሆንኩ።

ባለፈው ክረምት እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ አሁን እኔ ቤት ናት። እታለም በየሳምንቱ አንሶላ ይዛ ትመጣለች። የሚያጥብ ማሽን አላት፣ የሚያደርቅ ማሽን አላት፣ የምታዛቸው ሠራተኞች አሏት፤ የእናቴን አንሶላ ግን ራሷ ተኩሳ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ነው የምታመጣው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ እያፈላን ሳለ፣ ምን እንዳስታወሰኝ አላውቅም፣ የሀብቱን ታሪክ ነገርኳት። ከተማውን፣ ፎቁን፣ ኮቱን።

እታለም ወንበር ስባ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገች።

"እና ለእሱ ያለቀስኩ መስሎሽ ነበር?"

"ታዲያስ። አያቴ ስለከለከሉሽ።"

ሳቋ ቀስ ብሎ ከፊቷ ሄደ። የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች።

"አባባ መቼ ከለከሉኝ?"

"እዚያው ነበርኩ እኮ። መሄድ የለብሽም ሲሉሽ ሰምቻለሁ።"

"ሰምተሻል" አለች። "እናታችን የሞቱት ሆስፒታል ነው። እኔና እትዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ነበር። እትዬ የምታስታውሰው አንዲት ነርስ ውሃ እንደሰጠቻት ነው። ነጭ ለብሳ፣ ቁጭ ብላ፣ ስሟን ጠይቃ። እኔ ደግሞ የማስታውሰው ሽታውን ነው። በጣም ትንሽ ነበርኩ፤ ሌላ የማስታውሰው ነገር የለኝም። ያ ሽታ ሲመጣብኝ እስከዛሬ እጄ ይደነዝዛል። ትዝ ካለሽ፣ አንቺ ስትመረቂ እንኳ ከግቢው ውጪ ነበር የጠበቅኩሽ።"

ትዝ አለኝ። ፀሐይ ለመሞቅ ነው ብላኝ ነበር።

"ታዲያ ለምን አልፈልግም አላልሽም?"

"ለማን? ትምህርቷን ትታ ላዘለችኝ እህቴ? ምን ብዬ?" ብርጭቆውን አስቀመጠች። "አንሶላው በእጄ ሲቃጠል አባባ አዩኝ። ያንን ቃል ሲሉኝ ሸክሜ የወረደልኝ መሰለኝ። ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ቲቸር ያለኝ ትዝ አለኝና ጠዋት ሾፌሩ ሳይመጣ ጓዳ ገብቼ ጠየቅኋቸው። አባባ፣ ትናንት ሲሉኝ ከልክለውኝ ነው ወይስ ለእኔ ትተውልኝ ነው አልኳቸው። እሳቸው ውሃውን እያማሰሉ፣ አንቺ የትኛውን ሰማሽ አሉኝ። ትተውልኛል አልኩ። እንግዲያው እሱ ነው አሉ።"

"ለእናቴስ?"

"ልንገራት አልኩ። ተዪ አሉኝ። እኔ እንዳስቀረሁሽ ትመን፤ በእኔ ብትቆጣ እችለዋለሁ፣ ያንቺን እንቢታ ግን እሷ አትችለውም አሉ። እስኪሞቱ ድረስ ሳህን ተቀብለው ተባረኪ ሲሉ እያየሁ ዝም አልኩ። ቃል አስገብተውኛል።"

ከመኝታ ክፍሉ የእናቴ ድምፅ መጣ። "ምንድን ነው እዚያ የምትንሾካሾኩት?"

እታለም ወደ እኔ አየች። ተነሣች፣ ቀሚሷን በእጇ አስተካከለች፣ ገባች። እኔም ሻዩን ይዤ ተከተልኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለእኔ የነገረችኝን በሙሉ ነገረቻት። ሽታውን፣ ኮሪደሩን፣ የጓዳውን ጠዋት። ድምፅዋ አንዴም አልተሰበረም፤ እንግሊዝኛ የምታጠና ይመስል እያንዳንዱን ቃል ቀስ አድርጋ ነበር የምታወጣው።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሻዩ በረደ። መስኮቱ ላይ የነበረው ብርሃን ወርዶ ወለሉ ላይ ደረሰ። ተኝታለች ብዬ ልወጣ ስል፣

"አባባ እንደዚያ ይናገሩ ነበር እንዴ?" አለች ለግድግዳው። "ያን ያህል ብዙ ቃል?"

"ያን ቀን ብቻ" አለች እታለም።

"ለእኔ ግን ተባረኪ ብቻ።" መሐረብ አቀበልኳት። ዓይኗን ጠርጋ ዞረች። "ነርስነቱስ አይሆንልሽም ነበር። መርፌ ጣትሽን ሲወጋሽ እንኳ ዓይንሽን ትጨፍኚና እኔ ነበርኩ የማስርልሽ።"

"ታዲያ እያወቅሽ ለምን ልትልኪኝ ፈለግሽ?"

"አላውቅም። አንዳችን መሄድ ነበረብን።"

ይህንን ብላ ዓይኗ እኔ ላይ ዐረፈ። ለብዙ ጊዜ ያላየችውን ሰው እንደምታይ ነበር ያየችኝ።

"አንቺስ?"

"እኔ ምን?"

"ወደሽ ነው የሄድሽው?"

ይህንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን ዓመት አሰብኩ፤ ማደሪያው ጀርባ ዩኒፎርሜን እያጠብኩ ያለቀስኩትን። ከዚያ ደግሞ የልብ ምታቸውን ስለካ እጄን ይዘው እንቅልፍ የወሰዳቸውን አንድ ሽማግሌ አሰብኩ፤ ተራዬ አልቆ፣ ማንም ቆዪ ሳይለኝ፣ እጄን ሳላስለቅቅ የተቀመጥኩትን።

"መጀመሪያ አይደለም" አልኳት። "አንቺ ስላልሽ ነው የሄድኩት። በኋላ ግን የራሴ ሆነ።"

"ብዙ ቆይቶ?"

"ቆይቶ።"

እጇን ዘርግታ እጄን ያዘች። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። "ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ" ብላ ጀመረች። ጣራውን እያየች አሰበችበት፣ የምር አሰበችበት። "አይ፣ ብትነግሪኝም እልክሽ ነበር መሰለኝ።"

መጀመሪያ የሳቀችው እታለም ናት። ቀጥዬ እኔ። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ለመቻል ሞከረች፣ አልቻለችም፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ የተሰበረውን ዳሌዋን በእጇ ደገፈች።

"አታስቁኝ፣ ያመኛል" አለች። ግን እኛ አልነበርንም ያሳቅናት፤ ራሷ ነበረች።